የኦንላይን ቼዝ መዝገባችሁን ማንበብ፦ ከ30 ሽንፈቶች ጀምሩ

የአንድ ተጫዋች ፕሮፋይል ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሬቲንጉ (የችሎታ ነጥቡ) ላይ ነው፤ ቀጥሎ ያሸነፈው፣ የተሸነፈውና አቻ የወጣው ጨዋታ ብዛት ላይ። ሁለቱም ከሚናገሩት የሚደብቁት ይበዛል። ድረ ገጹ ሁልጊዜ እኩያ ተጋጣሚ ስለሚፈልግ 900 ሬቲንግ ያለውም 1900 ያለውም ከጨዋታው ግማሽ ያህሉን ያሸንፋል። «52 በመቶ አሸንፋለሁ» የሚል ሰው ስለ ችሎታው ምንም አልነገረንም፤ ማጣመሪያው ሥራውን በትክክል እየሠራ መሆኑን ብቻ ነው የነገረን።

ፍሬው ያለው ሽንፈቶቹ ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን የመጨረሻው እርምጃ ብዙ አያስተምርም፤ ጨዋታው መጀመሪያ የተሰነጠቀው የት ነው፣ በዚያች ቅጽበትስ ሰዓቱ ስንት ይል ነበር የሚለው ነው የሚፈለገው። እዚያ ለመድረስ ግን አስቀድሞ የሚጸዳ ነገር አለ።

ቡሌት፣ ብሊትዝና ራፒድን (ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው የተደረደሩ የጨዋታ ሰዓት ዓይነቶች) ደባልቆ ማንበብ ጤፍና ገብስ በአንድ አውድማ እንደመውቃት ነው። አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ብዙ የምትጫወቱትን። ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ጨዋታን የሚመድበው በመነሻ ሰዓቱ ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ በየእርምጃው የሚታከለውን ጭማሪ ሰከንድ በ40 አባዝቶ መነሻው ላይ ይደምረዋል። 3+2 (3 ደቂቃ መነሻ፣ 2 ሰከንድ ጭማሪ) ማለት 180 ሲደመር 80፣ በድምሩ 260 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ብሊትዝ ይባላል። 2+1 ደግሞ 160 ስለሚሆን ቡሌት ውስጥ ይገባል። ድምሩ 180 ሲደርስ ብሊትዝ፣ 480 ሲደርስ ራፒድ፣ 1500 ሲደርስ ክላሲካል ይሆናል። በሌላው ድረ ገጽ በቼስ ዶት ኮም ላይ 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ራፒድ ነው።

የሁለቱን ድረ ገጾች ሬቲንግ ማነጻጸርም ትርፉ ክርክር ነው። ሊቼስ ግሊኮ 2 በሚባል ስሌት ሁሉንም ከ1500 ያስጀምራል፤ ቼስ ዶት ኮም ላይ መነሻው ተጫዋቹ ሲመዘገብ በሚመርጠው ደረጃ ይወሰናል። ሁለቱ የተለያየ ሕዝብ የሚለኩ የተለያዩ ሜትሮች ናቸው። ሊቼስ ላይ ከሬቲንጉ ጎን የጥያቄ ምልክት ካለ ስሌቱ ራሱ ገና እርግጠኛ አይደለም ማለት ነው። ለወራት ሳይጫወቱ ቆይተው ሲመለሱም ይኸው ጥርጣሬ ስለሚሰፋ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጨዋታዎች ቁጥሩን ከወትሮው በላይ ሽቅብ ቁልቁል ያደርጉታል። በዚያ ሳምንት በታየ ግራፍ መደንገጥም መኩራትም አያስፈልግም።

ስንት ጨዋታ ይበቃል? ችሎታችሁ ልክ 50 በመቶ የሚያሸንፍ ቢሆን፣ 20 ጨዋታ ውስጥ ውጤቱ በዕድል ብቻ 11 የመቶኛ ነጥብ ያህል ወዲህና ወዲያ ማለቱ የተለመደ ነው። 100 ጨዋታ ላይ ይህ ወደ 5 ነጥብ ይጠባል። «ሲሲሊያንን 20 ጊዜ ሞክሬ 8 ብቻ ስላሸነፍኩ ተውኩት» የሚለው ተጫዋች እንግዲህ ኦፕኒንጉን (የጨዋታ አከፋፈቱን) የተወው ሳንቲም ወርውሮ ነው። በቀለምም እንዲሁ ነው። ነጭ በተፈጥሮው ትንሽ ብልጫ ስላለው በነጭ 53፣ በጥቁር 47 ማምጣት ጤነኛ ውጤት ነው። በእያንዳንዱ ቀለም 100 ጨዋታ ኖሮ ልዩነቱ ከ20 ነጥብ ሲያልፍ ግን በጥቁር የምትጫወቱት ነገር መመርመር አለበት።

ከዚህ ይልቅ ብዙ የሚናገረው በተጋጣሚ ጥንካሬ የተከፋፈለው ውጤት ነው። በሬቲንግ ስሌት መሠረት በ100 ነጥብ ከምትበልጡት ሰው ጋር 64 በመቶ፣ በ200 ከምትበልጡት ጋር 76 በመቶ ያህል ይጠበቅባችኋል፤ አቻ ግማሽ ነጥብ ሆኖ ይቆጠራል። እንበል አንድ ተጫዋች በ100 ከሚያንሱት ጋር 52 ብቻ ያመጣል፤ በ100 ከሚበልጡት ጋር ግን 44፣ የሚጠበቀው 36 ሆኖ ሳለ። ይህ ሰው ዕውቀት አላነሰውም። ጠንካራ ሲገጥመው ያስባል፣ ደካማ ሲገጥመው ይንቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች አዲስ የኦፕኒንግ ኮርስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ መፍትሔው የተጋጣሚን ሬቲንግ በጨዋታ ጊዜ የሚደብቀውን ምርጫ በሴቲንግ ውስጥ ማብራት ነው። ሊቼስ ላይ አለ።

ይህን ሁሉ በእጅ መቁጠር አያስፈልግም። የሊቼስ «ኢንሳይትስ» አንድ መለኪያ በሌላ መከፋፈያ እንድታዩ ያደርጋል፦ ውጤትን በተጋጣሚ ጥንካሬ፣ የእርምጃ ጊዜን በጨዋታው ምዕራፍ፣ ስህተትን በተንቀሳቀሰው ጠጠር። ሁለት መለኪያዎች ግን ብዙ ሰው ሳያያቸው ያልፋል። «ኦፖርቹኒዝም» የተባለው ተጋጣሚ ሲሳሳት ስንቱን እንደቀጣችሁ ይነግራል፤ «ላክ» ደግሞ እናንተ ስትሳሳቱ ስንቱን ሳይቀጣ እንዳለፋችሁ። የመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ሁለተኛው ከፍ ካለ ሬቲንጉ የቆመው በተበደረ እግር ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለ፤ እነዚህ መለኪያዎች የሚሠሩት የኮምፒውተር ትንተና በተጠየቀባቸው ጨዋታዎች ላይ ነው። ያሸነፋችሁትን ብቻ ለትንተና እየላካችሁ ከሆነ ኢንሳይትስ የሚያሳያችሁ የሠርግ ፎቶ ነው።

ወደ ስታይል እንምጣ። ማንም ተጫዋች ቢጠየቅ «አጥቂ ነኝ» ይላል። ውጤትን ንግሥቶች በተለዋወጡባቸውና ባልተለዋወጡባቸው ጨዋታዎች ከፋፍሉና እዩ። ንግሥቶቹ ሲወጡ ውጤቱ በ10 ወይም በ15 ነጥብ የሚወርድ ከሆነ፣ ያ ተጫዋች ራሱን አጥቂ የሚለው ኤንድጌም (ጥቂት ጠጠር የሚቀርበትን የጨዋታ መጨረሻ) ስለሚፈራ ሊሆን ይችላል። የጨዋታ ርዝመትም ያጋልጣል፦ ድሎቹ በ25 እርምጃ አካባቢ የሚያልቁ፣ ሽንፈቶቹ ከ45 የሚያልፉ ከሆነ ጥቃቱ ሲከሽፍ ሁለተኛ ዕቅድ የለም ማለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ረጅሙን ጨዋታ የሚያሸንፍ፣ አጭሩን የሚሸነፍ ሰው በመሠረቱ ጥሩ ተጫዋች ነው፤ የጎደለው በመጀመሪያዎቹ 15 እርምጃዎች የሚጣልለትን ወጥመድ ማየት ነው። በአንድ ወር ሊስተካከል የሚችለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ሰንጠረዥ ትዝ ይላል። ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበረው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን እያንቀሳቀሱ ይሰለፋሉ፤ ተራ መያዝ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። የዛሬው የብሊትዝ ተጫዋች ፕሪሙቭ እያደረገ (ተጋጣሚው ሳይጫወት እርምጃውን አስቀድሞ እያዘዘ) የመጀመሪያዎቹን 8 እርምጃዎች ሲያወርዳቸው ሳያውቀው ወረራ ላይ ነው። ልዩነቱ ተጋጣሚው ተራውን የሚጠቀምበት መሆኑ ነው። ለንደን ሲስተም የሚባለውን የነጭ ኦፕኒንግ የሚወዱ ሰዎች መዝገብ ውስጥ ይህ ጎልቶ ይታያል፦ ዲ4፣ ቢሾፕ ኤፍ4፣ ኢ3፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ሲ3፣ ጥቁር ምንም ቢያደርግ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ጥቁር በጊዜ ሲ5 ገፍቶ ንግሥቱን ቢ6 ላይ ሲያወጣ ግን ቢሾፑ ጥሏት የሄደው ቢ2 ላይ ያለችው ወታደር ባለቤት የላትም። ለንደን መጥፎ ስለሆነ አይደለም የሚሸነፉት። ስለማያዩ ነው።

ኦፕኒንግን ለመፈተሽ የሊቼስ ኦፕኒንግ ኤክስፕሎረር ውስጥ የተጫዋች ክፍሉን ክፈቱ፤ ስማችሁን፣ ቀለሙንና የሰዓቱን ዓይነት ምረጡ፤ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ዛፉን ውረዱ። የምትፈልጉት በጣም የተሸነፋችሁበትን ኦፕኒንግ ስም አይደለም። ቢያንስ 10 ጨዋታ ያለበትና ውጤቱ ከ40 በመቶ በታች የሚወድቅበት የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ነው የሚፈለገው። እርግጥ 10 ጨዋታ ለመደምደሚያ ትንሽ ነው፤ ለጥቆማ ግን ይበቃል፤ ማረጋገጫው ጨዋታዎቹን ከፍቶ ማየት ነው። የተለመደ ግኝት ልስጣችሁ። በጥቁር ኢ5 የሚጫወት ሰው ዛፉን ሲወርድ እዚህ ይቆማል፦ ኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6፣ ቢሾፕ ሲ4 ፈረስ ኤፍ6፣ ፈረስ ጂ5 ዲ5፣ ነጭ ዲ5ን በወታደር በላ። አሁን ጥቁር በፈረሱ መልሶ ከበላ ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሠውቶ ንጉሡን ወደ አደባባይ ያወጣዋል። ፈረስ ኤ5 ቢል ኖሮ ሲ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ አስጨንቆ፣ ስለ አንዲት ወታደር ጥሩ እንቅስቃሴ ያገኝ ነበር። «ከኢ4 ኢ5 ጋር አልተስማማሁም» ብሎ ካሮ ካን ወደሚባል ሌላ ኦፕኒንግ ከመቀየር ይህቺን አንዲት እርምጃ መማር 10 ደቂቃ ይፈጃል።

አሁን ዋናው ሥራ። በመረጣችሁት የሰዓት ዓይነት የመጨረሻዎቹን 30 ሽንፈቶች አውጡ። መርጣችሁ አይደለም፤ በተከታታይ። አንድ ደብተር ወይም ሰንጠረዥ አዘጋጁና ለእያንዳንዱ ጨዋታ አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀለም፣ ኦፕኒንጉ፣ ጨዋታው የተሰነጠቀበት የእርምጃ ቁጥር፣ በዚያች ቅጽበት የቀረው ሰዓት፣ እና የምክንያት ፊደል። የተሰነጠቀበት ማለት ግምገማው በሁለት ወታደር ያህል በእናንተ ላይ ወርዶ ከዚያ በኋላ ያልተመለሰበት እርምጃ ነው። ለአንድ ጨዋታ 5 ደቂቃ ብትሰጡ 30ው ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሁለት ምሽት ያልቃል።

ፊደሎቹ፦ «ሀ» በአንድ እርምጃ በነፃ የተሰጠ ጠጠር። «ለ» ሁለት ሦስት እርምጃ የሚሄድ ታክቲክ ሳይታይ ሲቀር፤ ሹካ፣ መሰካት፣ የኋላ ረድፍ ማት። «ሐ» ታክቲክ ሳይኖር ዕቅድ ጠፍቶ ቀስ በቀስ መታፈን። «መ» መታወቅ የነበረበት ኤንድጌም። «ሠ» ሰዓት። «ረ» ኔት መቆራረጥና የጣት ስህተት። ከመሰንጠቁ በፊት አቋማችሁ ያሸንፍ ከነበረ ፊደሉ ላይ ኮከብ ጨምሩበት።

ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ኢንጂኑን (ጨዋታ የሚተነትነውን ፕሮግራም) ያበራል። ስቶክፊሽ የተባለው ኢንጂን የትኛው እርምጃ ስህተት እንደሆነ ይነግራል፤ ለምን እንዳደረጋችሁት ግን አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ኢንጂን እዩና «ይህን ስጫወት ምን እያሰብኩ ነበር?» ለሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ቢሾፑ ኤ7 ላይ እንዳለ ረስቼ ነበር» እና «አይቼው ነበር፣ አይበላም ብዬ ነው» የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ኢንጂኑ ሁለቱንም ብላንደር ብሎ ያልፋል።

የትክክለኛነት መቶኛውንም አትመኑት። ተጋጣሚ በ14ኛው እርምጃ ንግሥቱን ሲሰጣችሁ 95 በመቶ ማምጣት ቀላል ነው። ሴንቲፖውን የሚባለው መለኪያ 100ው አንድ ወታደር ያክላል፤ ከ+9 ወደ +6 ስትወርዱ 300 የጠፋ ይመስላል፣ ጨዋታው ግን ያው በእናንተ አሸናፊነት የሚያልቅ ነው። ከ+0.5 ወደ -1.5 ሲወርድ 200 ብቻ ነው፤ የጨዋታው ዕጣ ግን ተቀይሯል።

የሰዓት ሽንፈትን «ሠ» ከማለታችሁ በፊት ወደ ኋላ ሂዱ። እንበል በ34ኛው እርምጃ 12 ሰከንድ ቀርቶ ሩክ ተሰጠ። ፊደሉ «ሀ» ይመስላል። ሰዓቱን ወደ ኋላ ስትከተሉ ግን በ9ኛውና በ12ኛው እርምጃ በድምሩ ሁለት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ እንደበላችሁ፣ ያም ሁሉ ታስቦ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደተጫወታችሁ ታያላችሁ። ይህ «ሠ» ነው። በተቃራኒው ሰዓቱ ሲያልቅ አቋሙ ቀድሞ የተሸነፈ ከነበረ ሰዓት በሽታው አይደለም፤ ፊደሉ ቀደም ብሎ ያለ ሌላ ነው።

«ረ»ን ለይቶ መያዝ ለአገር ቤት ተጫዋች ግዴታ ነው። ሊቼስ የኔት መዘግየትን በትንሹ ያካክሳል፤ ግንኙነቱ ጭራሽ ሲቋረጥ ግን ሰዓቱ መሄዱን አያቆምም፣ ተጋጣሚም ትንሽ ቆይቶ ድሉን ሊጠይቅ ይችላል። እነዚህን ከሰዓት ሽንፈት ጋር ከደመራችሁ ያልያዛችሁን በሽታ ታክማላችሁ። ስልክ ላይ ለሚጫወት ደግሞ የጣት ስህተት ተደጋግሞ ከመጣ፣ ጠጠር መጎተቱን ትቶ መነሻና መድረሻ ካሬውን በመንካት ማንቀሳቀስ ይሻላል፤ ሴቲንግ ውስጥ ይመረጣል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የብሊትዝ ተጫዋች 30ውን ጨርሶ «ሀ» 11፣ «ለ» 6፣ «ሐ» 4፣ «መ» 3፣ «ሠ» 5፣ «ረ» 1 አገኘ እንበል። ከ11ዱ «ሀ» 8ቱ ላይ ከሰዓቱ ግማሽ በላይ ቀርቶ ነበር፤ ከ5ቱ «ሠ» 4ቱ ኮከብ አላቸው። ይህ ሰው በቂ ሰዓት ሲኖረው ይቸኩላል፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ይፈዛል። ኤንድጌሙ ሊቆይ ይችላል። ኦፕኒንጉም እንዲሁ። የሚያስፈልገው የሰዓት በጀትና አንድ ልማድ ነው።

በጀቱን በ10 ደቂቃ ጨዋታ ላይ እንሥራው። የመጀመሪያዎቹ 10 እርምጃዎች በአማካይ 5 ሰከንድ፤ 50 ሰከንድ ወጣ፣ 9፡10 ቀረ። ከ11 እስከ 30 በአማካይ 20 ሰከንድ፤ 6 ደቂቃ ከ40 ወጣ፣ 2፡30 ቀረ። ይህ ለቀጣዮቹ 20 እርምጃዎች ለእያንዳንዱ 7 ሰከንድ ተኩል ይሰጣል። በ15ኛው እርምጃ ላይ ገና ከ9 ደቂቃ ተኩል በላይ ካላችሁ አላሰባችሁም፤ ከ6 በታች ከሆናችሁ አንድ ቦታ ተጣብቃችኋል። አማካይ ስለሆነ አንዲት ወሳኝ እርምጃ ላይ አንድ ደቂቃ ማውጣት ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ ግን ያስከፍላል። 3+0 የሚጫወት ሰው ወደ 3+2 ቢዛወር በ40 እርምጃ 80 ሰከንድ ያተርፋል፤ ያሸነፈውን አቋም ሰዓት አይነጥቀውም።

ልማዱ ደግሞ ጠጠር ከመነካቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ነው፦ ተጋጣሚ አሁን ቼክ ሊለኝ ይችላል? ምን ሊበላብኝ ይችላል? ያንቀሳቀሰው ጠጠር ከዚያ ቦታ ተነሥቶ ምን ይነካል? ሦስተኛው ነው የሚረሳው። በብሊትዝ ውስጥ ይህን መልመድ አይቻልም፤ ለሦስት ሳምንት 10+5 ወይም 15+10 ብቻ መጫወት ያስፈልጋል። ፐዝልም (የቼዝ እንቆቅልሽ) ያለ ሰዓት፣ ከባለቤት አልባ ጠጠር ጭብጥ ጀምሮ፤ በቀን 15 ደቂቃ፣ መልሱ እስከ መጨረሻው ሳይታይ አንዲት እርምጃ ሳትጫወቱ። ገምቶ ጠቅ ማድረግ የፐዝል ሬቲንግ እንጂ ሌላ ነገር አይሠራም።

ቡሌት በዚህ ጊዜ ይቁም። ስፒድ ቼስ ሻምፒዮንሺፕ የተባለውን የኦንላይን ፈጣን ቼዝ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 በተከታታይ ያሸነፈውን ሂካሩ ናካሙራን እያዩ «ፍጥነት ያሻሽላል» የሚሉ አሉ። እሱ ግራንድማስተር የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ገና በ15 ዓመቱ ነበር፤ ፍጥነቱ ያረፈው በቦርድ ላይ በተገነባ ዕውቀት ላይ ነው።

«መ» ለበዛባቸው አጭር ነው፦ የንጉሥና የወታደር ኦፖዚሽን (ሁለቱ ንጉሦች የሚፋጠጡበት አቋም)፣ ከዚያ ሁለት የሩክ አቋሞች። ፊሊዶር ላይ ተከላካዩ ንጉሡን ከወታደሩ ፊት አቁሞ ሩኩን የጠላት ንጉሥ እንዳያልፍ ከአጥቂው በኩል ሲቆጠር በ6ኛው ረድፍ ያስቀምጣል፤ ወታደሩ ራሱ 6ኛው ላይ ሲደርስ ሩኩ ወደ ታች ወርዶ ከኋላ ቼክ ማለት ይጀምራል። ብዙ ሰው ቀድሞ ይወርዳል፤ ያኔ የአጥቂው ንጉሥ ከወታደሩ ፊት ሆኖ መጠለያ ያገኛል። ሉሴና ላይ አጥቂው ሩኩን 4ኛው ረድፍ ላይ አውጥቶ ለንጉሡ ድልድይ ይሠራል። ሁለቱንም በቦርድ ኤዲተር አስቀምጣችሁ ከስቶክፊሽ ጋር አምስት አምስት ጊዜ ተጫወቱ፤ ማንበብ ብቻ እጅ ላይ አይቀርም።

ሌላ በደብተሩ ውስጥ የማይታይ፣ በጨዋታ ዝርዝሩ ላይ ግን የሚታይ ነገር አለ፤ ጨዋታዎቹ የተጀመሩበት ሰዓት። ከ30ው ውስጥ ስንቱ ከሌላ ሽንፈት በኋላ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የተጀመረ ነው? ሲሶው ከሆነ፣ ሁለት ተከታታይ ሽንፈት ሲመጣ ማቆም የሚለው ደንብ ከየትኛውም ፐዝል በላይ ሬቲንግ ያተርፋል።

ከ60 አዳዲስ ጨዋታዎች በኋላ ሽንፈቶቹን በዚያው ደብተር፣ በዚያው ፊደል ድገሙት። ሬቲንጉ ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ የፊደሎቹ ድርሻ ግን ቀድሞ ይለወጣል። «ሀ» ቀንሶ «ሠ» ከጨመረ አትደናገጡ፦ ሦስቱ ጥያቄዎች ገና ዝግ ስለሆኑ ሰዓት እየበሉ ነው። ጥያቄዎቹን አትተዉ፤ ጭማሪ ሰከንዱን ከ2 ወደ 5 ከፍ አድርጉና ለሌላ 60 ጨዋታ ቀጥሉ።